መነጽሩን ከዋርካ ጥላ ያወጣሁት ዕለት

ይህን ንገሪን ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ቡታጅራ ገበያ ይዘውኝ ወጥተው ከአንድ መነጽር ሻጭ ፊት ቆሙ። ሻጩ ሸራ ወጥሮ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። ልጆቹም ጥላው ውስጥ ገብተው አንዱን ሲያወልቁ ሌላውን ሲሰኩ፣ "ይኼኛው ይበልጥ ጥቁር ነው፤ ይኼ ይሻላል" ይባባላሉ። እኔ ታላቅየዋን እጇን ጎትቼ ፀሐይ ላይ አወጣኋትና "አሁን እግርሽን እዪ። የጫማሽ ቀለም ምንድን ነው?" አልኋት። ሳቁብኝ።

"እማዬ ደግሞ ስለ ፀሐይ መነጽር ምን ታውቃለች!" አለ ትንሹ።

"እናትህ ሕፃን ሳለች ነው ያወቅሁት" አልሁት፤ አላመነኝም። ቤት ስንገባ ግን አስቀምጠው አስነገሩኝ። ስጨርስ "ጻፊው" አሉ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ብርሃን ዐይኑን እንደ እሾህ የሚወጋው ሰው ካለ ግን ይህን ያንብብልኝ። ማንበብ ካቃተውም ያንብቡለት።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ባሌ የቡታጅራ ሰው ነበር። በርበሬ በበቅሎ ጭኖ ወልቂጤ ሲመላለስ ነው የተገናኘነው። ጣሊያን ሲገባ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ዋቤ በረሃ ወርዶ አርበኛ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። እኔም ልጃችንን የሺን አዝዬ ጉብሬ አጠገብ ካለው ከወንድሜ ከወልዴ ቤት ገባሁ። የሺ ያን ጊዜ ሁለት ዓመቷ ነው።

እግሬ ቤት አይወድም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ዛሬ እዚህ ገበያ፣ ነገ እዚያ ገበያ፤ ቅቤ ከዚህ ገዝቼ እዚያ እሸጣለሁ፤ ካልሸጥሁም ወሬ ሰምቼ እመለሳለሁ። "አስካለ መንገድ አግብታለች" ይሉኝ ነበር።

መጀመሪያ ዐይኔ ውስጥ አሸዋ የገባብኝ መሰለኝ። ከገበያ ስመለስ ነፋስ ነበርና "አቧራ ነው፣ ሲነጋ ይወጣል" ብዬ ተኛሁ። ሲነጋ አልወጣም። በሳምንቱም አልወጣም። ዐይኔን ጨፍኜ በገለጥሁ ቁጥር አንድ ሻካራ ነገር ይፈገፍገኛል። ጠዋት ጠዋት ተጣብቆ በውሃ አርሼ ነው የምከፍተው። ከሁሉ የባሰው ግን ብርሃኑ ነው። ጣሊያን በዚያ ወራት መንገድ ያስጠርግ ነበር፤ ድንጋይ ይሰበርና ጠጠሩ ነጭ ሆኖ እስከ ወልቂጤ ይዘረጋል። ቀትር ላይ ያን መንገድ ስረግጥ ፀሐይ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከእግሬ ሥር ትመጣብኛለች። እኔ የእንሰት ጥላ ያሳደገኝ ሴት ነኝ፤ ብርሃን ከመሬት ሲነሣ አላውቅም ነበር። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ በጣቶቼ መሐል እያየሁ መሄድ ጀመርሁ። ሌላ በሽተኛ ሌሊቱን ይፈራል፤ እኔ የምፈራው የዶሮውን ጩኸት ነበር።

የወንድሜ ሚስት "ምች ነው" አለች። "ላብሽ ሳይደርቅ ፀሐይ መትቶሻል።" ዳማከሴ ጨምቃ በአፍንጫዬ አደረገችልኝ። ደኅና አድርጎ አስነጠሰኝ፤ ሌላ የፈየደኝ ነገር የለም። ቀጥሎ አንድ የሠፈር ሽማግሌ መጡና "የሰው ዐይን ነው" ብለው ከዐይኔ ዳር ግራና ቀኝ በምላጭ በጡኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። እሱም ሳይሆን ሲቀር ሽማግሌው "ብርሃን ከጠላች ጨለማ ስጧት" አሉ። ይህን ሁሉም ሰማ፣ ሁሉም አመነ፤ እኔም አመንሁ።

ቤታችን ሰፊ ጎጆ ነው፤ ሰውም ከብትም ባንድ ጣራ ሥር። ከከብቶቹ በስተኋላ በሰሌን ጋርደው አስገቡኝ። እኛ የእንሰት አገር ሰዎች ጥላ ይጎዳል ብለን አናስብም። ከጥላ ውስጥ ነው የምንበላው፣ ሙሽራ የምንሸሽገው ጥላ ውስጥ ነው፣ አራስ የምትጠነክረው ጥላ ውስጥ ነው። ታዲያ ዐይንስ ለምን ጥላ ውስጥ አይድንም? አርባ ቀን ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የምድጃውን እሳት ማየት እችል ነበር። በአርባኛው ቀን በሰሌኑ ቀዳዳ የገባች አንዲት ጭላንጭል አስጮኸችኝ።

በዚያው ሰሞን አማቴ እማማ ወለላ ከቡታጅራ መጡ። ተራራውን በእግራቸው አቋርጠው ነው፤ ያን ጊዜ መኪና ለወታደር እንጂ ለእኛ አልነበረም። ከሰሌኑ ማዶ ተቀመጡ። ፊታቸውን አላየሁም፤ ድምፃቸውን ብቻ ነው የሰማሁት።

"አስካለ ልጄ፣ ለአንቺም አዝናለሁ። ነገር ግን እሳት አጠገብ የምትሮጥ ልጅ ያላት ሴት ዐይን ያስፈልጋታል። ትናንት ምጣዱ ላይ ልትወድቅ ነበር አሉኝ። የሺን እወስዳታለሁ።"

"መቼ ይመልሱልኛል፣ እማማ?"

"እኔ አልመልስም። አንቺ ነሽ የምትመጪው። በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ እግርሽ፣ በትር የሚይዝልሽ መሪ ሳይኖር። ቡታጅራ ገበያ ከበርበሬዬ ፊት ቆመሽ ካየሁሽ ልጅሽ ያንቺ ናት። እስከዚያ ግን የልጄ ልጅ ናት፤ ከልጄ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።"

ወልዴ ተቆጣ። "እናት እያላት!" አለ።

"እናቷ የታለች?" አሉ እማማ ወለላ። "እስቲ አሳየኝ። ከሰሌን ጀርባ ያለችውን ነው?"

የሺ ስትወጣ "እማ! እማ!" ትል ነበር። እኔም ተነሥቼ ሰሌኑን ገለጥሁት፤ በሩ ክፍት ነበርና ብርሃኑ መታኝ፤ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። በማግሥቱ ጠዋት ግን "እንሰቱን አምጡልኝ" አልኋቸው። ዐይኔን በጨርቅ አስሬ፣ እግሬን በእንጨቱ ላይ ደግፌ መፋቅ ጀመርሁ። እጅ የለመደውን ሥራ ዐይን አይሠራውም። የወንድሜ ሚስት አርባ ቀን ሙሉ "የማትፍቅ ሴት ትበላለች" ስትል የከረመችው በዚያ ቀን ነገሩን ተወችው። በሳምንቱ "ወልቂጤ ውሰደኝ" አልሁት ወልዴን፤ "ነጩ ሐኪም ጋ።"

"የነሱን ሐኪም? ባልሽን ካሳደዱት ዘንድ?"

"ባሌን አጥቼዋለሁ፤ የምሄደው ልጄን ላያት ነው። ከሰይጣንም ቢሆን መድኃኒት እቀበላለሁ።"

ወሰደኝ። ሐኪም ቤቱ ተራ የሚጠበቅበት ክፍል አልነበረውም። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፤ በሽተኛው ሁሉ ከግድግዳው ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ይሰለፋል። ዐይኑን ያመመው ሰው ሁሉ የሚያበራ ነጭ ግድግዳ እያየ! ነጠላዬን ተከናንቤ ስንቀጠቀጥ አንዲት ሴት ትከሻዬን ይዛ ዞር አደረገችኝ።

"ጀርባሽን ስጪው፣ እቴ። ግድግዳ ጀርባ ሲሰጡት አይቀየምም።" ከዚያ ጥቁር ሻሿን በሁለታችን ራስ ላይ ዘረጋችው። ዘይነባ ትባላለች፤ የመስቃን ሰው ናት፤ በወልቂጤና በቡታጅራ መካከል ጨርቅና ጨው ትነግዳለች። እሷም ዐይኗን ታማ የዳነች ናት፤ ያን ቀን የመጣችው ለሆዷ ነው። እኩለ ቀን እስኪሆን በአንድ ሻሽ ሥር ቆየን፤ የየሺንም ነገር ሁሉ ነገርኋት። ዛሬም ሰው ስለ ደግነት ሲያወራ ትዝ የሚለኝ ያ ጥቁር ጨርቅ ነው።

ሐኪሙ የዐይኔን ቆብ በክብሪት እንጨት ገልብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። አጠገቡ ከመረብ ማዶ ከነሱ ጋር የመጣ አስተርጓሚ አለ። "ሐፍተይ፣ የዐይንሽ ቆብ ውስጡ ቆስሏል ይልሻል" አለኝ፤ ሐፍተይ ባገሩ እህቴ ማለት ነው። ሐኪሙ ሰማያዊ ድንጋይ አውጥቶ ቆቤን ከውስጥ አሸው። ሚጥሚጣ ዐይኑ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። "በየሳምንቱ ነይ፤ ከፀሐይም ተጠበቂ" አለ። ቁስሉ ከምን እንደመጣ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከፀሐይ መጠበቁን ወደ ንግድ የለወጠው አስተርጓሚው ነው። ሥራው ሲያበቃ ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ጨርቅ ዘርግቶ ከነጮቹ የገዛውን ዕቃ ይሸጣል። ምላጭ፣ መስተዋት፣ ደግሞ ሦስት መነጽር። አንዱ አረንጓዴ ነው፤ ቀጭን። አንዱ ቡናማ ሆኖ ግራና ቀኙ ቆዳ ተሰፍቶበታል፤ አስቀያሚ ነው፤ የበቅሎ ዐይን መከለያ ይመስላል። ሦስተኛው ደግሞ ጥቁር፣ ክብ፣ እንደ ድስት ቂጥ።

እዚያው ጥላ ውስጥ ተቀምጬ ሞከርኋቸው። አረንጓዴው ምንም አልመሰለኝም። ባለ ቆዳው ትንሽ ጠቆር አለልኝ። ጥቁሩን ሳደርገው ዋርካው ጠፋ፣ ገበያው ጠፋ፣ አስተርጓሚው ጠፋ፤ ድምፁ ብቻ ቀረ። "ከዚህ የባሰ ጨለማ የለኝም" ይላል። አንገቴ ላይ የነበረውን የሙሽርነቴን ብር አውልቄ ሰጠሁት። ወልዴ "እህቴ፣ ታይበታለሽ ወይ?" ሲለኝ "አላይበትም፤ ለዚህ ነው የምወደው" አልሁት። ሰው ሲታመም እንዲህ ነው፤ የሚያመው ነገር ከጠፋ የዳነ ይመስለዋል።

እንግዲህ ያን ክረምት የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። መነጽሩን ደጅ ብቻ አልነበረም የማደርገው። ቤት ውስጥ አደርገዋለሁ፣ ጓሮ አደርገዋለሁ፣ ደመና ሰማዩን ሸፍኖት አደርገዋለሁ። ጨለማ መድኃኒት ነው ብለውኛላ! ይህን ጊዜ ሰሌኑን ፊቴ ላይ ተሸክሜ ነው የምዞረው። ዐይኔም ጨለማውን ለመደ። መነጽሩን አውልቄ ፊቴን ስታጠብ የጨረቃ ብርሃን እንኳ ይወጋኝ ጀመር። በዚያ ላይ መንገድ አያሳየኝም፤ ዳሩ ክፍት ስለሆነ ግን ከጎንና ከታች ብርሃን እንደ ውሃ ይገባል። ፊት ለፊቴ ሌሊት፣ ጎኔ ቀትር። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ስመለስ ከአዲሱ መንገድ ቦይ ውስጥ ከነቅቤዬ ወደቅሁ።

ያወጣችኝ ዘይነባ ናት፤ ከበቅሎዋ ወርዳ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት። "አሰላሙ አለይኩም፣ የቦዩ እመቤት!" አለችኝ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀችና በራሷ ዐይን ሞከረችው። ሳቋ ቆመ። "በዚህ ነው የምትሄጂው? ይኼማ መነጽር አይደለም፤ መቃብር ነው። ቡታጅራ ልትደርሺ ነው እንግዲህ በዚህ?"

"ዐይኔን ያመኛል፣ ዘይነባ።"

"የሚያምሽን ነገር አይተሽዋል? ነይ ወዲህ።" ከጥላ አስቀምጣ ቆቤን በአውራ ጣቷ ያዘችና ቅርብ ሆና አየች። "ሽፋሽፍትሽ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ዐይንሽን የሚፈገፍገው እሱ ነው። እኔም እንዲሁ ነበርሁ።" ከደረቷ ወረንጦ አውጥታ አንድ በአንድ ነቀለችልኝ። ሃያ ቢሆን ነው። ስትጨርስ ዐይኔን ጨፍኜ ገለጥሁ፤ ያ አሸዋ የለም! ምን ልበላችሁ፤ ከዓመት በላይ የተሸከምሁትን ድንጋይ ያወረደችልኝ መሰለኝ። ቆይቶ ተመልሶ ይበቅላል፤ እሷም ነግራኛለች። ወረንጦ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም። ያን ቀን ግን አሰብሁ፤ የሚወጋኝ ከተነቀለ ብርሃንን ለምን እፈራለሁ? የቀረው የዐይኔ ልማድ ነው። የለመደ ነገር ደግሞ ይላመዳል።

በመስከረም ዝናቡ ሲቆም ወደ ዋርካው ተመለስሁ። አስተርጓሚው ጥቁሩን መነጽር እጄ ላይ ሲያይ "የተሸጠ አይመለስም" አለ።

"አልመልስም፤ እለውጣለሁ። ያን ባለ ቆዳውን ስጠኝ፤ ቅቤ እጨምርልሃለሁ።"

"እሱማ የበረዶ ነው። ጌታዬ በአገሩ በበረዶ ተራራ ላይ ሲሄድ የሚያደርገው።"

"በረዶ ላይ ይሄዳል? እኛ በረዶ ሲመጣ ነው የምንሸሸው!"

"ሞክሪው እንግዲህ፤ ተቀመጪ።"

አልተቀመጥሁም። መነጽሩን ይዤ ከዋርካው ጥላ ወጣሁ። "ወዴት ነው? ከጥላ አታውጪው!" እያለ ተከተለኝ፤ ሌባ መሰልሁት። መንገዱ ላይ፣ ነጩ ጠጠር ላይ፣ ቀትር ላይ ቆምሁ። ጥላ ውስጥ ሁሉም መነጽር ጨለማ ነው፤ መነጽር የሚፈተነው በሚደረግበት ቦታ ነው። መጀመሪያ እግሬን አየሁ። ጠጠሮቹ አንድ በአንድ ታዩኝ። ቦዩን አየሁ፤ ከወደቅሁበት በላይ ጥልቅ ነው። ቀጥሎ አንዲት በርበሬ ሻጭ ጋ ሄጄ ቀዩን ከነጣው መለየት እችል እንደሆነ አየሁ፤ ለየሁ። ከዚያ ፀሐዩን ወደ ጎኔ አድርጌ ቆምሁ፤ ቆዳው ከለከለልኝ። እንደ መጀመሪያው ጨለማ አልነበረም። ዐይኔ አለቀሰ፤ ግን ክፍት ሆኖ ነው ያለቀሰው።

"ይኼኛው ብርሃን ያሳልፋል እኮ" አለ አስተርጓሚው፤ አዝኖልኝ ይመስለኛል።

"ማሳለፍማ አለበት" አልሁት። "ልጄን የማየው በምን ሆነና?"

ሐኪሙ በዚያው ወር ወደ ሌላ ጦር ሠፈር ሄደ፤ ሰማያዊው ድንጋይ ቀረ። የቀረውን ራሴ ሠራሁት። የእኛ ጓሮ እንሰት በዕድሜ ነው የሚተከለው። ከቤቱ ጀርባ ለመፋቅ የደረሱት ትልልቆቹ ናቸው፤ እነሱ ሥር ቀትርም ማታ ነው። ከነሱ አልፎ መካከለኛዎቹ፣ ከዚያ ከወገብ የማይበልጡት፣ ከዚያ ችግኞቹ። ከችግኞቹ ወዲያ ጀፎረው ነው፤ የሠፈሩ ሰፊ ሣር ሜዳ መንገድ፣ ሰማይ ብቻ ያለበት። ይህን ጓሮ ስመላለስበት ነው ያደግሁት፤ መሰላል መሆኑን ግን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ትልልቆቹ ሥር መነጽሬን አውልቄ ተቀመጥሁ፤ አንድ ሳምንት። እንባዬ ሲቆም ወደ መካከለኛዎቹ አለፍሁ። አንድ ረድፍ ሲሻለኝ አንድ ረድፍ ወደ ፊት፤ ሲብስብኝ አንድ ረድፍ ወደ ኋላ። ቤት ውስጥ መነጽር እርም ብያለሁ። ችግኞቹ ጋ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀሁ፤ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። የወንድሜ ሚስት "እንሰት ትጠብቃለች ወይስ እንሰቱ እሷን ይጠብቃታል?" እያለች ከጎረቤት ጋር ትስቅ ነበር። ጀፎረው ላይ መነጽሬን አድርጌ ከዳር እስከ ዳር የተራመድሁ ዕለት ግን ውሃ ይዛልኝ የመጣች እሷ ናት።

በኅዳር የዘይነባ በቅሎዎች ወደ ቡታጅራ ሲነሡ ከኋላ ተከተልሁ። "በቅሎ ልስጥሽ" ብትለኝ እምቢ አልሁ፤ በገዛ እግርሽ ነው የተባልሁት። ከተራራው ላይ ስንወጣ የታጨደ የገብስ ማሳ ነው፤ ዛፍ የለም፤ ገለባው እንደ ናስ ያበራል። እዚያ ነው መነጽሩ ዋጋውን የከፈለኝ። ዘይነባ እንኳ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ስትሄድ እኔ ቀና ብዬ ሄድሁ። ከኬላው ላይ አንድ ለጣሊያን ያደረ አስካሪ ወታደር አስቆመኝ። "ይኼ የወታደር ዕቃ ነው፤ ከየት አመጣሽው?" ብሎ ከፊቴ ነጠቀኝ። ዐይኑ ላይ አደረገው፤ ወዲያው አውልቆ ተፋ። ቆዳው እንዳይደርቅ የከረመ ቅቤ ስቀባው ነበርና ሽታው አናቱ ወጣ። "ውሰጂው፣ ውሰጂው!" አለ። ዘይነባ ከኬላው እስክንርቅ ድረስ አፏን በሻሿ ይዛ ነው የሄደችው።

ቡታጅራ የደረስነው ገበያው ሲሞላ ነው። ዘይነባ ከገበያው ዳር ቆመች። "ከዚህ ወዲያ ብቻሽን" አለችኝ። የበርበሬ ተራውን አገኘሁት፤ መሬቱ ሁሉ ቀይ ነው። እማማ ወለላን አየኋቸው፤ አርጅተዋል። ከጀርባቸው አንዲት ሴት ልጅ ተቀምጣ በርበሬ በእንጨት ትገፋለች። ቁመቷ ከፍ ብሏል። ከፊታቸው ቆምሁ።

እማማ ወለላ ቀና አሉ። ከኋላዬ መሪ ፈለጉ፤ የለም። እፍኝ በርበሬ ነጠላዬ ላይ ጣሉልኝ። "ነጩን ለይልኝ" አሉ። ፀሐይ የመታው በርበሬ ነጣ ይላል፤ ከደኅናው ከተቀላቀለ ገዢ ይሸሻል፤ የቡታጅራ ሴት ሥራዋ ይህን መለየት ነው። ተቀምጬ ለየሁ። አንድ በአንድ አገላብጠው አዩት።

"ዐይን አለሽ" አሉ። "የሺ፣ ነይ፤ እናትሽ ናት።"

ልጅቱ አየችኝ፤ ጮኸች። "የካሚዮኑ ሰውዬ! የካሚዮኑ ሰውዬ!" የጣሊያን ሹፌሮች እንዲህ ያለ መነጽር አድርገው በገበያው መሐል ያልፉ ነበርና፣ ልጆች ሲያዩዋቸው ይበተናሉ። አያቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች።

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ጀፎረው ላይ እንኳ ያለ መነጽር ቆሜ አላውቅም። እማማ ወለላ "ወደ ቤት እንግባ፤ ጥላ ውስጥ ታውልቂዋለሽ" አሉ፤ ደግ መሆናቸው ነው። እኔ ግን ልጄ ከኔ የምትሸሽበት አንድ እርምጃ እንዲጨመር አልፈለግሁም። እዚያው፣ ቀትር ላይ፣ አወለቅሁት።

ብርሃኑ ገባ። ዐይኔን አልጨፈንሁም። በልቤ ትልልቆቹ፣ መካከለኛዎቹ፣ ችግኞቹ እያልሁ ቆጠርሁ። ፊቴ በእንባ ታጠበ፤ የማየው ቀይና ነጭ ብቻ ነው። ከቀዩ መሐል አንድ ትንሽ ነገር እየቀረበ መጣ። በርበሬ በርበሬ የሚሸት ጣት ከዐይኔ አጠገብ ቆመ።

"ፀጉር የለውም" አለች የሺ። "ዐይንሽ ፀጉር የለውም።"

"ተነቅሎ ነው" አልኋት። "እንዳይሽ ብዬ።"

አሰብ አደረገችና ከእጄ መነጽሩን ወስዳ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠች።

ይኸው ነው እንግዲህ። ስለ መነጽር የጠየቃችሁኝን ከዚህ ለዩት፤ እኔ በሻጭ ጥላ ሥር የተመረጠን አላምንም፤ ቀለም የሚደብቅ፣ እግር የሚያጠፋም አልገዛም። ቤት ውስጥም አታድርጉት። ብርሃን ሲያማችሁ ደግሞ መነጽር ከመግዛታችሁ በፊት ቆባችሁን የሚገለብጥ ሰው ፈልጉ፤ መስተዋት ሕመምን ይሸፍናል እንጂ አያክምም።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ የሺ ራሷ የልጆች እናት ከሆነች በኋላ፣ ዐይን የሚያዩ የጤና ሰዎች ጉብሬ አጠገብ ወዳለው አታት መጡ ተባለና አብረን ሄድን። አንድ ወጣት ቆቤን ገልብጦ "ማዝ ነው፤ ጠባሳው የቆየ ነው" አለኝ። ማዝ ማለት የቆቡን ውስጥ አቁስሎ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ የሚያዞር በሽታ ነው። ቆቤን ቀዶ ወደ ውጭ መለሰልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ወረንጦ አልያዝሁም። የየሺን ሲገለብጥ ግን ደጋግሞ አየ። ቆቧ ንጹሕ ነው። "አንቺን ያሳደገሽ ማን ነው?" አላት። እኔ በታመምሁበት ዓመት አያቷ ጋ እንደነበረች ነገርሁት። "እሷ ናት ያዳነቻት" አለኝ። "ማዝ በእጅ፣ በዝንብ፣ ፊት በሚጠረግበት ጨርቅ ይተላለፋል። ዐይንዎን በጠረጉበት ነጠላ የእሷንም ይጠርጉ ነበር፤ ሁሉም እናት እንዲያ ነው የምታደርገው።" እማማ ወለላ በዚያን ጊዜ ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ልጄን ከእሳት ያዳኗት መስሏቸው ነው የሞቱት።